የኮንሰርቱ ወራት ይቅር ወይስ ይቀጥል?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሙዚቃ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው ለመመስገን ይሁን ለመከሰስ ገና አልለየልንም። በአጀንዳው ላይ በአራተኛ ቁጥር የተጻፈው ነገር «የሙዚቃ ኮሚቴውን በጀት ስለ መሰረዝ» ይላል፤ ከአርእስቱ እንደምትረዱት ነገሩ ወደ ክሱ ያደላል። ሐሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን የኮንሰርቱ ወራት እንዲቀርና ገንዘቡ ለኳስ፤ ለመረብ፤ እንዲሁም ለማኅበራችን ጋዜጣ ወረቀትና ቀለም መግዣ እንዲሆን ጠይቀዋል። የጋዜጣው አዘጋጆች ደግሞ ይህን ንግግራችንን እናትማለን ብለውናል። እንግዲህ በነርሱ ወረቀት ላይ ወረቀቱን እንዳታገኙ ብለን ልንከራከር ነው፤ ለትዕግሥታቸው አስቀድመን እናመሰግናለን።

የክሱ ነገር ሦስት ነው። ሙዚቃው የኛ አይደለም ይላሉ፤ ተማሪው አልመጣም ይላሉ፤ በመጣ ጊዜም ተዋርዶ ተመለሰ ይላሉ። ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

በጥር ወር መጨረሻ አራት ሰዎች ያሉበት የአውታር መሣሪያ ጓድ፤ በተለመደው ስሙ ኳርቴት የሚባለው፤ ወደኛ የመጣበትን ማታ በአዳራሹ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያልነበራችሁትም ከሰው ሰምታችኋል፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድም እንደ ልማዱ አድጓል። የሆነው ግን ይህ ነው። እንግዶቹ ሁለት ቫዮሊን፤ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይዘው ተቀመጡ። መጀመሪያ የተጫወቱት የሞዛርትን ድርሰት ነበር። የመጀመሪያው ክፍል አራቱም ደጋኖች ባንድነት ወርደው ሲያልቅ፤ ከኋላ የተቀመጥነው ተማሪዎች ደስ ስላለን አጨበጨብን። ያን ጊዜ ከፊተኛው ረድፍ፤ «ለክብር እንግዶች» የሚል ወረቀት ከተለጠፈባቸው ወንበሮች፤ አንዳንድ ሰዎች ዘወር ብለው «ሽሽሽ!» አሉን። አንድ ሰውም ሕፃናትን እንደሚቀጣ አስተማሪ ጣቱን ነቀነቀብን።

በዕረፍቱ ጊዜ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ጓደኞቻችን ተነሥተው ሄዱ። የቀረነውም እጃችንን በጉልበታችን መካከል ሸጉጠን ተቀመጥን።

የማታው መዝጊያ የኦስትሪያው የዮሴፍ ሀይድን ድርሰት ነበር። ይህ ድርሰት በ1781 (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተጻፉት ስድስት ኳርቴቶች አንዱ ነው፤ በሥራ ቁጥር 33 ውስጥ ሁለተኛው ሲሆን፤ በዓለም ላይ «ቀልዱ» በሚል ቅጽል ይታወቃል። ለምን ቀልድ እንደተባለ ያን ማታ አላወቅንም ነበር። በመጨረሻው ክፍል አንዲት አጭር፤ ፈጣንና ተጫዋች ዜማ ደጋግማ ትመላለሳለች። ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሀይድን ያችኑ ዜማ እንደ ዳቦ ቆራርሶ በቍራሾቹ መካከል ዝምታ አስገባ። አንዱ ቍራሽ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም ይላል። አድማጩ አለቀ ብሎ ሊያጨበጭብ ሲነሣ ሁለተኛው ይመጣል። እንደገና ዝም ይላል፤ እንደገና ይመጣል። በመጨረሻ ረጅም ዝምታ ከሆነ በኋላ፤ አሁንስ በእርግጥ አለቀ ሲባል፤ የዜማዋ መጀመሪያ በቀስታ አንድ ጊዜ ይሰማና ሊጀምር እንደተዘጋጀ ሰው እዚያው ላይ ይቆማል። ደራሲው ይህን የጻፈው ሰው በስሕተት እንዲያጨበጭብና በራሱ እንዲሥቅ ብሎ ነው። ሰው ካልተሳሳተ ቀልዱ አይሠራም።

በኛ አዳራሽ ግን ማን ደፍሮ ያጨብጭብ? ከአንድ ሰዓት በፊት ጣት ተነቅንቆብናል። አራቱ እንግዶች በያንዳንዱ ዝምታ ላይ ደጋናቸውን ወደ ላይ ይዘው በዓይናቸው ጫፍ ወደኛ ያያሉ፤ እኛም እንደ ድንጋይ ሆነን እናያቸዋለን። ያልቅና ዝም፤ ያልቅና ዝም። የመጨረሻዋም ቍራሽ ከተሰማች በኋላ አዳራሹ ዝም እንዳለ ቀረ። በመጨረሻ ቫዮሊን ተጫዋቹ ግራ ገብቶት ተነሥቶ እጅ ሲነሣ አጨበጨብን። በኋላ ሻይ ስንጋብዛቸው ቼሎ ተጫዋቿ ከኮሚቴው አባላት አንዱን ለብቻው ጠርታ «ተማሪዎቹ አልወደዱትም ወይ?» ብላ ጠየቀችው። በሌላ አገር በዚህ ቦታ ላይ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ በስሕተት አጨብጭቦ ሣቅ በሣቅ ይሆናል አለችው። የሚመልስላት ጠፍቶት ስኳር አቀረበላት።

እንግዲህ ያን ማታ ማን አጠፋ? እኛ ነገሩን ስናጣራ ቆይተናል፤ ያገኘነውንም እንነግራችኋለን። ሞዛርት በ1778 በፓሪስ አዲስ ሲምፎኒ አሰምቶ ነበር። ስለዚያ ቀን ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፤ በመጀመሪያው ክፍል መካከል ሕዝቡን ደስ እንደሚያሰኝ አስቀድሞ ያወቀውን አንድ ቦታ አስገብቶ እንደነበረ፤ እንዳሰበውም ሕዝቡ ገና ሙዚቃው ሳያልቅ በጭብጨባ እንዳቋረጠው በደስታ ይነግረዋል። የመጨረሻውንም ክፍል ሆን ብሎ በሁለት ቫዮሊኖች ብቻ በቀስታ ጀመረው። ያን ጊዜ አድማጮቹ እርስ በርሳቸው «ሽሽ» ተባባሉ፤ ጠቅላላው ኦርኬስትራ በኃይል ሲገባ ግን ወዲያው አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ሞዛርት ከደስታው ብዛት ወጥቶ አይስክሬም በላ፤ የተሳለውን መቍጠሪያም ደገመና ወደ ቤቱ ገባ። በ1813 በቪየና የቤትሆቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ሕዝቡን በጣም ስላስደሰተ እዚያው ላይ እንዲደገም ተደረገ። በየክፍሉ መካከል እንደ ምስል ሆኖ መቀመጥ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፤ ወደ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ወደ 20ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። በጥር ማታ ያጨበጨብነው እኛ እንግዲህ ከሞዛርት አድማጮች ጋር ነበርን ማለት ነው። ጣቱን የነቀነቀብን ሰው ግን ከማን ጋር እንደነበረ እርሱ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ይህን ብለን ጥፋቱን በእንግዶቹ ላይ ብቻ ጥለን ልናመልጥ አንችልም። በወንበሮቹ ላይ «ለክብር እንግዶች» የሚለውን ወረቀት የለጠፍነው እኛ ነን። በገዛ አዳራሻችን፤ ከተማሪ በተሰበሰበ ገንዘብ በተዘጋጀ ማታ፤ ተማሪውን ከኋላ አስቀምጠን ለማናውቃቸው ሰዎች የፊቱን ረድፍ ሰጠን። እንዲህ ያደረግነውም ማንም ሳያዝዘን፤ ደንቡ እንዲህ ይሆናል ብለን ገምተን ነው። ከፊት ብትሆኑ ኖሮ የተጫዋቾቹን ፊት ታዩ ነበር፤ ፊታቸው ይሥቅ ነበርና ቀልዱ ይገባችሁ ነበር። ለዚህ ነገር ኮሚቴው በሙሉ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ወጥተው ለሄዱት ሠላሳ ጓደኞቻችንም በተለይ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ እንለፍ። በጥቅምት በፒያኖ ተጫዋቿ ማታ ሰው በመስኮት ቆሞ ነበር። በመጋቢት በተደረጉት በሁለቱ ማታዎች፤ ማለት በዋሽንትና ጊታሩ እንዲሁም በዘፋኙ፤ የመጣው ተማሪ አርባ አይሞላም። ከሳሾቻችን ይህን ይዘው «ተማሪው አልፈለገውም» ይላሉ። እኛም ለጊዜው እንደዚያ መስሎን አዝነን ነበር። በኋላ ግን አንዲት እኅታችን፤ የኮሚቴው አባል ያልሆነች፤ የቀን መቍጠሪያውን አምጥታ በጠረጴዛችን ላይ ዘረጋችልን። ሁለቱም ማታዎች የዋሉት በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር! ከኛ ብዙዎቹ በሁዳዴ ዘፈን እንደማይሰሙ፤ በየቤታቸውም ራዲዮ እንኳ ሲዘጋ እንዳደጉ እያወቅን፤ የእንግዶቹን የጉዞ ቀን ብቻ አይተን ተዋዋልን። እንግዳው በሚያልፍበት ቀን መቀበል አለብን የሚል ሐሳብ ይዞን ነበር። የራሳችንን ቀን ግን ማየት አልቻልንም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ በሉልን። በዚያው በሁዳዴ ዝም የማይል መሣሪያ አለን፤ እርሱም በገና ነው። አሥር አውታር ያለው፤ በየአውታሩና በብርኩማው መካከል በምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ድምፁ እንደ ንብ የሚያንጐራጕር፤ ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር መሣሪያ ነው። በገና ሲደረደር የሚያጨበጭብ የለም፤ የሚነጋገርም የለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም ደግሞ አድማጩ ዝም ካለ አዝማሪው ይሞታል፤ ግጥም ይቀበሉታል፤ ይመልሱለታል፤ ይሰድቡታል፤ ይሸልሙታል። በማኅሌት ከበሮው ሲመታ፤ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፤ መቋሚያው ሲወዛወዝ፤ ጭብጨባው ራሱ በሥርዓት የተሠራ የዜማው ክፍል ነው። እንግዲህ መቼ ዝም እንደሚባልና መቼ እንደሚጨበጨብ ከልጅነታችን ጀምሮ በሦስት ዓይነት ተምረናል። የቸገረን የሀይድን ዓይነት የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ሰው ማጣት ነበር። ያንንም መንገር የኛ የኮሚቴው ሥራ ነበር፤ አልሠራነውም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙም ሲፈስ ንጉሡም አላየ፤ ያሬድም አልተሰማው ይባላል። ይህ ታሪክ ስለ ዘማሪው ብቻ የሚነገር ይመስለናል። በእውነቱ ስለ አድማጩም ጭምር ነው። እንደዚያ ያለ አድማጭ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው አገር የሙዚቃ አዳራሽ ጨዋነት ከማንም በጣት ምልክት አይማርም።

ስለ ፒያኖው ደግሞ ጥቂት መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ከጠየቅነው ገንዘብ አብዛኛው የሚውለው ለርሱ ነውና። አንዳንዶቻችሁ እንግዶቹ በብዙ ገንዘብ የሚመጡ መስሏችኋል። ለአንዳቸውም የከፈልነው የለም። በየኤምባሲውና በየባህል ተቋሙ ግብዣ ወደ ከተማችን የመጡ ናቸው፤ እኛ አንድ ማታ ለተማሪ ስጡን ብለን ለመንናቸው፤ ሻይና መኪና ብቻ አቀረብን። ፒያኖው ግን የኛው ነው፤ ሕመሙም የኛው ነው።

ፒያኖ ከእንጨትና ከብረት የተሠራ፤ 88 ቁልፍና ከ200 በላይ አውታሮች ያሉት መሣሪያ ነው። አውታሮቹ ሁሉ ባንድነት የሚስቡት ኃይል ከ15 ቶን በላይ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው የብረት ክፈፍ ሲሆን ድምፁን የሚያወጣው ግን ከሥሩ የተዘረጋው ስስ የእንጨት ገበታ ነው። ይህ ገበታ ክረምት ሲሆን እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ አውታሮቹንም ይገፋቸዋል፤ ድምፁ ከፍ ይላል። በጋ ሲገባ ይደርቃል፤ ይሟሽሻል፤ ድምፁም ይወርዳል። ከሐምሌ ጭጋግ ወደ ኅዳር ደረቅ ነፋስ በሚሸጋገር አገር እንግዲህ ፒያኖ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ መቃኘት አለበት። የኛ ፒያኖ መጨረሻ የተቃኘበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ፈልገን አላገኘንም። ከዚያም በላይ ከመስኮቱ ሥር ስለተቀመጠ ጧት ጧት ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል፤ በክረምት ደግሞ ዝናብ ያካፋበታል።

በጥቅምት የመጣችው ፒያኖ ተጫዋች ከቀትር በኋላ መጥታ ስትሞክረው ከመካከሉ አንዱ ቁልፍ ከተነካ በኋላ ተመልሶ አይነሣም ነበር። ምንም አላለችም። ማታ የባሕን ድርሰት ስትጫወት ያን ቁልፍ በነካች ቁጥር በሌላው ጣቷ ከሥር ብድግ ታደርገው ነበር፤ ይህንንም ሁሉ ከፍጥነቱ ሳትጎድል አደረገችው። በመስኮት ቆመው ያዩ ጓደኞቻችን የአጨዋወቱ ዘዴ መስሏቸው አደነቁ። እኛ ግን አፈርን። እንግዳ ቤታችን መጥቶ በተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላለማሳፈር ዝም ሲል እንደማየት ያለ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ክስ፤ የኛ አይደለም የሚለውን፤ እናንሣ። አንዳንዶችም ይህን በመጨመር «መስማት የሚፈልግ በስልኩ ይስማ» ብለዋል። በስልክ መስማት ጥሩ ነው፤ እኛም እንሰማለን። በስልክ ግን ሀይድን አይጠብቃችሁም። አራቱ ሰዎች ደጋናቸውን አንሥተው እናንተን ሲያዩ፤ እናንተም ምን እንደምታደርጉ ግራ ሲገባችሁ፤ ያ ነገር ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ካልተቀመጡ በቀር አይገኝም። የጥሩ አዝማሪ ነገርም እንዲሁ ነው።

«የኛ» ስለሚባለውም ነገር ሁለት ሰዎችን እንጥራ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወደ ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል ቢያገኙም ፈቃድ ስላጡ ቀረ፤ እርሳቸውም ዓለምን ትተው መነኰሱ። የፒያኖ ድርሰቶቻቸው በ1967 በጀርመን አገር በሸክላ ተቀረጹ። እስከ 2023 በኢየሩሳሌም ኖረው በዚያው ዐረፉ። ዛሬ ድርሰታቸው በየአገሩ አዳራሽ ይሰማል፤ በኛ አዳራሽ ግን እስካሁን አልተሰማም። ሁለተኛው ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጀምሮ በቡልጋሪያ በሶፊያ ተምሮ የሾፐንና የሹማን ድርሰት የሚጫወትባቸውን እነዚያኑ ቁልፎች ዋሽንት ስለሚነፋ እረኛና ስለ አምባሰል ቅኝት እንዲናገሩ አደረጋቸው። ፒያኖው የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ከነዚህ ሁለት ሰዎች በኋላ መልሱ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

ስለ እማሆይ ዕድል ስናስብ ሌላም ነገር ወደ ልባችን ይመጣል። ከኛ መካከል ቪየናን ወይም ለንደንን የሚያይ ስንት ነው? ወደ ውጭ መሄድ የገንዘብ፤ የፈቃድና የዕድል ነገር ነው። እንግዳው ወደኛ ሲመጣ ግን ፓስፖርት የሚጠየቀው እርሱ ነው።

በውጭ አገር ኮሌጆች ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ኦበርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ኮሌጅ ከ1878 ጀምሮ በየዓመቱ እንግዳ ተጫዋቾችን ሲጋብዝ ኖሯል። ነገር ግን ከኦበርሊን ታሪክ እኛን የነካን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በቴነሲ በናሽቪል ከተማ ከባርነት ለወጡ ሰዎች በ1866 የተከፈተ ፊስክ የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። ገንዘብ አልቆ ሊዘጋ ሲል የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ጆርጅ ኋይት (ገንዘብ ያዣችን ይስማ) ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዞ በጥቅምት 1871 ለመዘመር ወጣ። በመጀመሪያ በዘመኑ በነጮች ዘንድ የተለመደውን ዘፈን ነበር የሚያሰሙት፤ የሚያገኙት ገንዘብም ለመኝታና ለምግብ አይበቃም ነበር። በኅዳር ኦበርሊን ደርሰው በቀሳውስት ጉባኤ ፊት የወላጆቻቸውን የባርነት ዘመን መዝሙሮች፤ በሰው ፊት ለመዘመር ያፍሩባቸው የነበሩትን፤ ባሰሙ ጊዜ ጉባኤው ልቡ ተነካ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተላቸው፤ በ1873 በእንግሊዝ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፤ ባገኙትም ገንዘብ የተሠራው ትልቁ ሕንፃ በ1876 ተከፈተ። እነዚህ ተማሪዎች የሌላውን ሙዚቃ አላቃለሉም፤ ተምረውታል፤ ዘምረውታልም። አዳራሹ ዝም ያለላቸው ግን የራሳቸውን ከጎኑ ባቆሙት ጊዜ ነው።

እኛ በዚህ ዓመት ያላደረግነው ይህንን ነው። አራት ማታ እንግዳ አስተናገድን፤ በአንዱም ማታ እንግዳው የኛን አልሰማም። ቼሎ ተጫዋቿ በኢትዮጵያ ሦስት ቀን ቆይታ ማሲንቆ በዓይኗ ሳታይ ሄደች። አንድ አውታር ብቻ ያለው፤ አውታሩም ደጋኑም ከፈረስ ጭራ የተሠራ መሣሪያ አለ ብንላት ኖሮ ሻዩን ትታ በተነሣች ነበር።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው ዘንድሮ የነበረውን አይደለም። በጀቱ ከጸደቀ በመጀመሪያ ፒያኖው ከመስከረም በኋላ ክረምቱ ሲወጣ፤ ሁለተኛም ከክረምቱ በፊት እንዲቃኝ እናደርጋለን። በወንበር ላይ ወረቀት አይለጠፍም፤ ቀድሞ የመጣ ከፊት ይቀመጣል፤ አምባሳደርም ቢሆን። ከያንዳንዱ ድርሰት በፊት ከኛ አንዱ በአማርኛ ለአምስት ደቂቃ ምን እንደምንሰማ ይናገራል፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ እንድታጨበጭቡበት ፈቅደናል። በእያንዳንዱ ማታ ግማሹ የእንግዳው፤ ግማሹ የኛ ይሆናል። በሁዳዴ የሚሆነው ማታ የበገና ብቻ ይሆናል፤ በያሬድ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት እንደ መምህር ዓለሙ አጋ ያሉ ሰዎች ያፈሯቸው ደርዳሪዎች በከተማችን አሉና አንዱን ለምነን እናመጣለን።

የሰዓቱም ነገር አለ። ከግቢ ውጭ የሚኖሩ ጓደኞቻችን ማታ ታክሲ ስለማያገኙ መምጣት እንደማይችሉ ነግረውናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ማታ ማታ ስትጨልምና አዳራሾቿ ሲዘጉ፤ ማይራ ሄስ የምትባለው ፒያኖ ተጫዋች ከ1939 እስከ 1946 ሥዕሎቹ በተነሡለት በናሽናል ጋለሪ ውስጥ በምሳ ሰዓት ኮንሰርት እንዲደረግ አድርጋ ነበር። መግቢያው አንድ ሺሊንግ ሆኖ ከ1,600 ጊዜ በላይ ተደርጓል። ቦምብ በሚወርድበት ከተማ በምሳ ሰዓት ከተቻለ፤ በኛም ግቢ ረቡዕ በስድስት ሰዓት ተኩል ይቻላል። ሳንድዊች ይዞ መግባትም ይፈቀዳል።

ከሳሾቻችን ስለ ኳሱ ያሉት ሐሰት አይደለም። ኳሱ ተቀዷል፤ መረቡም ቀዳዳ ነው፤ እኛም ባለፈው ቅዳሜ ግብ አይቆጠርም አይቆጠርም ብለው ሲጨቃጨቁ አይተናል። ከጠየቅነው ገንዘብ የሻዩንና የፕሮግራም ማተሚያውን ትተን የፒያኖውን ቃኚ ዋጋ ብቻ ብናስቀር፤ ቀሪው ለመረቡ ይበቃል ብለን ከስፖርት ኮሚቴው ጋር ትናንት ተነጋግረናል። እነርሱም እሺ ብለዋል፤ ነገር ግን የፒያኖ ተጫዋቿ ኳስ መጫወት ታውቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። እንጠይቃታለን።

ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ማስታወቂያ አለን። በጀቱ ቢጸድቅም ባይጸድቅም ያ ፒያኖ ከክረምቱ በፊት ከመስኮቱ ሥር መነሣት አለበት። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክንዳቸው ጠንካራ የሆኑ ስምንት ሰዎች ያስፈልጉናል። በጥር ወጥተው ከሄዱት ሠላሳዎቹ መካከል ሦስቱ እንመጣለን ብለው ስማቸውን ሰጥተውናል፤ አምስት ይቀራል።